ሰርቨሩ 37፣ እሱ 0፦ የአንድ የፋክቶሪዮ ሞድ ጉዳይ ጥናት

ሞድ (ጨዋታ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) መጻፍ የጀመሩ ልጆች ኮዳቸውን ሲያሳዩኝ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ሎጂኩ ልክ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን «ይሄ መስመር መቼ ነው የሚሮጠው? በማን ኮምፒውተር ላይ?» ብዬ ስጠይቅ ዝም ይላሉ። የዚህን ጥያቄ ዋጋ እንደዚህኛው ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የለም፤ ለዚህ ነው ዘርዝሬ የጻፍኩት። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ኮዱንም በፊደላችን ነው የማስቀምጠው፤ ሞዱ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ ሉአን፣ የሚያውቅ ሰው የቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ጨዋታውና ሰዎቹ

ፋክቶሪዮ ፕራግ ያለው ዉቤ ሶፍትዌር የሠራው ጨዋታ ነው። ባዕድ ፕላኔት ላይ ትወድቃለህ፣ ማዕድን ትቆፍራለህ፣ ፋብሪካ ትገነባለህ፣ ፋብሪካው እየሰፋ ይሄዳል። 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ነው፤ 2.0 ደግሞ በኦክቶበር 2024። ሞዶቹ የሚጻፉት በሉአ ነው። ሉአ እ.ኤ.አ. በ1993 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ትንሽ ቋንቋ ነው። ሌላ ፕሮግራም ውስጥ በቀላሉ ስለሚገባ ጨዋታ ሰሪዎች ይወዱታል።

ሰዎቹ አራት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይጫወታሉ። ጨዋታውን ከራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ሰርቨር የሚሆነው ሜሪላንድ የሚኖር፣ ከሁሉም በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ነው። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሉት። አንዱ ጀርመን ነው። ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው። ከአዲስ አበባዎቹ አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፤ ሞዱን የጻፈው እሱ ነው። እኔ አብሬያቸው አልጫወትም። ነገሩ ከከረረ በኋላ ተማሪው ኮዱን እንድመለከትለት ስለጠየቀኝ ነው የገባሁበት።

ሞዱ ቀላል ነው። «የንግድ ሳጥን» የሚባል አዲስ ሳጥን ይጨምራል። ሳጥኑ ውስጥ 100 አይረን ፕሌት ሲሞላ ሞዱ ይወስደውና በምትኩ 60 ኮፐር ፕሌት ያስቀምጣል። በየ10ኛው ንግድ ምራቂ አለ፦ 5 ስቲል ፕሌት። ሳጥኖቹ የሚታዩት በየ60 ቲኩ ነው። ቲክ የጨዋታው አንድ የስሌት እርምጃ ነው፤ ፋክቶሪዮ በሰከንድ 60 ቲክ ስለሚሄድ በየሰከንዱ ማለት ነው።

ጨዋታው ኮዱን መቼ ይጠራዋል

ይህቺን ክፍል የዘለለ ሰው የቀረው አይገባውም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት።

ፋክቶሪዮ ሞዱን ሲያስነሳ «ኮንትሮል» የሚባለውን ፋይል ከላይ እስከ ታች ያነባል። አዲስ ጨዋታ ሲጀመር ያነበዋል። ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) በተከፈተ ቁጥር ያነበዋል። መልቲፕሌየር ላይ አንድ ሰው በገባ ቁጥርም በዚያ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ከፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ውጭ፣ ፋይሉ አናት ላይ የተጻፈ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ሁሉ በእያንዳንዱ ንባብ ከመጀመሪያ ዋጋው ይነሳል።

ከዚህ ንባብ በኋላ የማስጀመሪያ ፈንክሽኖቹ ይመጣሉ። «ኦን ኢኒት» ሞዱ ለዚያ ሴቭ አዲስ ሲሆን አንዴ ይጠራል፤ በዚያ ሴቭ ላይ ሁለተኛ አይመለስም። «ኦን ሎድ» ሞዱ ቀድሞ የነበረበት ሴቭ በተከፈተ ቁጥር ይጠራል። ግን እጁ የታሰረ ነው። «ጌም» የሚባለውን ነገር አያገኝም፣ ማለትም ካርታውን ማየት አይችልም፤ የተቀመጠውን መረጃም ማንበብ እንጂ መለወጥ አይፈቀድለትም። ሦስተኛው «ኦን ኮንፊገሬሽን ቼንጅድ» ነው። የጨዋታው ወይም የአንድ ሞድ ቨርዥን ሲቀየር፣ ሞድ ሲጨመር ወይም ሲወጣ ይጠራል። ይሄኛው ካርታውንም ያያል፣ መረጃውንም ይለውጣል።

መረጃ የሚቀመጠው «ስቶሬጅ» የሚባል ቴብል (የሉአ የመረጃ ዝርዝር) ውስጥ ነው። ከ2.0 በፊት ስሙ «ግሎባል» ስለነበር የቆዩ ማስተማሪያዎች ላይ በዚያ ስም ታገኙታላችሁ። ከሞዱ የሉአ ቫሪያብሎች ውስጥ ወደ ሴቭ ፋይሉ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። በ«ሎካል» የተጻፈ፣ ማለትም የተጻፈበት ክፍል ብቻ የሚያየው፣ ቫሪያብል አይገባም። ያለ «ሎካል» የተጻፈ፣ ሉአ ራሱ ግሎባል (ከየትም የሚታይ) ብሎ የሚያየው ቫሪያብልም አይገባም። ተማሪው መጀመሪያ አካባቢ «ግሎባል አድርጌዋለሁ እኮ፣ ለምን ይጠፋል?» እያለ የተቸገረው እዚህ ላይ ነው። ስኮፕ የሚወስነው ስሙን የትኛው የኮዱ ክፍል እንደሚያየው ነው። ዋጋው ጨዋታው ተዘግቶ ሲከፈት ይኖራል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሉአ መልስ አይሰጥበትም፣ የሚመልሰው ጨዋታው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት

የሞዱ የመጀመሪያ ቨርዥን አናቱ ላይ እነዚህ ሁለት መስመሮች ነበሩት ({} ባዶ ቴብል ማለት ነው)፦

ሎካል ሳጥኖች = {}
ሎካል የንግድ_ቁጥር = 0

ተጫዋቹ ሳጥን ሲተክል «ኦን ቢልት ኢንቲቲ» የሚባለው ኢቨንት (ጨዋታው ለኮዱ የሚልከው ማስታወቂያ) ይነሳል፤ ሞዱ ያንን ሳጥን ዝርዝሩ ውስጥ ይጨምረዋል። ከዚያ በየሰከንዱ ዝርዝሩን ይዞራል። አዲስ ጨዋታ ላይ ሲሞከር ምንም እንከን አልነበረውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሴቩ ሲከፈት የድሮዎቹ ሳጥኖች ሞቱ። ብረቱ ይሞላል፣ ማንም አይወስደውም። አዲስ የተተከለ ሳጥን ግን ይሠራል። ተጫዋቾቹ መላ አገኙ፦ ሳጥኑን አንስቶ መልሶ መትከል። ለጥቂት ሳምንት እንደዚያ እያሉ ቆዩ። እንዲህ ያለ መላ ችግሩን ስለሚያስታግስ ምርመራውን ያዘገየዋል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። የሳጥኑ ቁጥር 40 አካባቢ ሲደርስና ሁሉንም አንስቶ መትከል ሲሰለች ነው ተማሪው ወደ ኮዱ የተመለሰው።

የተሞከሩት መፍትሔዎች

መጀመሪያ «ኦን ኢኒት» ጨመረ። ውስጡ እንዲህ ነበር፦

ስቶሬጅ.ሳጥኖች = {}
ሎካል ሳጥኖች = ስቶሬጅ.ሳጥኖች

ሁለተኛዋን መስመር ልብ በሉ። ፋይሉ አናት ላይ «ሳጥኖች» የሚባል ሎካል አለ። እዚህ ፈንክሽኑ ውስጥ «ሎካል» ብሎ ደግሞ ሲጽፍ ሉአ ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው አዲስ ቫሪያብል ይሠራል። አዲሱ ከፈንክሽኑ «ኤንድ» ጋር አብሮ ይጠፋል። ሌሎቹ ፈንክሽኖች የሚያዩት አናት ላይ ያለውን፣ ከስቶሬጅ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ቴብል ነው። ኤረር የለም። ማስጠንቀቂያ የለም። ሳጥኖቹ አሁንም የሚመዘገቡት በማይቀመጠው ቴብል ላይ ነበር። «ሎካል» የምትለዋን ቃል ከዚያች መስመር ላይ ማንሳት ብቻ ነገሩን ይለውጠው ነበር።

ፈንክሽኖቹ በቀጥታ ስቶሬጅ.ሳጥኖችን እንዲያዩ አድርጎ ይህን ሲያስተካክል ሌላ መጣ። አዲስ ጨዋታ ላይ ሠራ፤ የቅዳሜው ሴቭ ላይ ግን «ሳጥኖች ኒል ነው» (ኒል በሉአ «ዋጋ የለም» ማለት ነው) የሚል ኤረር ይዞ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያ ሴቭ ሞዱን ከድሮም ያውቀዋል፤ ስለዚህ «ኦን ኢኒት» ለእሱ አይጠራም። አዲሱን ቴብል የሚሠራለት የለም።

እሺ ብሎ ያችኑ መስመር ወደ «ኦን ሎድ» ወሰዳት፦ ስቶሬጅ.ሳጥኖች ከሌለ ፍጠር። ጨዋታው ራሱ ከለከለው። በሎድ ሰዓት ስቶሬጅ ተለውጧል፣ ይህ አይፈቀድም የሚል መልእክት አወጣ። ቀጥሎ እዚያው «ኦን ሎድ» ውስጥ ካርታውን ፈልጎ ሳጥኖቹን ሊሰበስብ ሞከረ። «ጌም ኒል ነው» ተባለ።

መሐል ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ሰዓት በላችው። ሳጥኖቹን የሚሰበስበውን ሥራ «ሎካል ፈንክሽን ሰብስብ» ብሎ ፋይሉ ግርጌ ላይ ጻፈው፤ የሚጠራው ደግሞ ከላይ ካለ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ኤረሩ «ሰብስብ የሚባለውን ግሎባል ለመጥራት ተሞከረ፣ ኒል ነው» ይላል። ተማሪው «ሎካል ብዬ ጽፌ ግሎባል ለምን ይለኛል?» አለ። ፍንጩ ያለው በትክክል እዚያ ላይ ነው። ሉአ ውስጥ ሎካል ስም የሚታወቀው ከተጻፈበት መስመር ወዲህ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ኮድ ያንን ስም ሲያገኝ ሎካሉን ስለማያውቅ ግሎባል ነው ብሎ ይወስደዋል፤ በዚያ ስም ግሎባል ደግሞ የለም። ፈንክሽኑን ወደ ላይ ሲያወጣው ተፈታ። የኤረርን መልእክት ቃል በቃል የማንበብን ያህል ጊዜ የሚያተርፍ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ ትንሽ ነው።

በመጨረሻ የማይከለክለው ቦታ አገኘ። በየሰከንዱ በሚሮጠው ፈንክሽን ውስጥ እንዲህ አደረገ፦ አናት ላይ ያለው ሎካል ዝርዝር ገና ካልተሞላ ካርታውን ፈልግና ሙላው፣ ከዚያ ቀጥል። በዚያ ሰዓት «ጌም» አለ፣ ስቶሬጅ አልተነካም፣ ማንም አይከለክልም። ሴቭ ተከፈተ፣ ሁሉም 40 ሳጥኖች ሠሩ። ብቻውን ሲጫወት ፍጹም ነበር። የንግድ ቁጥሩም እዚያው ሎካል ላይ ቀረ።

እኔ ይህንን ከሁሉም በላይ አደገኛ ቨርዥን ነው የምለው። የቀድሞዎቹ ሁሉ ወዲያው ይሰበሩ ነበር። ይሄኛው ይሠራል።

ዲሲንኩ

በመልቲፕሌየር ፋክቶሪዮ ሰርቨሩ የፋብሪካውን ሁኔታ እየቆራረጠ ለሰው አይልክም። የሚላከው ተጫዋቹ የነካው ነገር ነው፦ እዚህ ተከለ፣ እዚያ አነሳ። የቀረውን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለራሱ ያሰላዋል፤ ሁሉም በአንድ ቲክ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ማግኘት አለባቸው። ውጤቶቹ በቼክሰም (ከውጤቱ በሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ይነጻጸራሉ። ካልተስማሙ ዲሲንክ ነው፤ የተለየው ሰው ይወጣል፣ ካርታውን እንደገና አውርዶ ይገባል።

አዲስ አበባ ያለው ሁለተኛው ልጅ ላይ ዲሲንክ መምጣት ጀመረ። ሌሎቹ ላይ አልመጣም። ሰፈሩ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ቻቱ ላይ «ጋሼ፣ መብራት ሄዶብኝ ነው፣ ገባሁ» የሚል መልእክት በየቅዳሜው አለ። ከገባ በኋላ አንዳንዴ በደቂቃ ውስጥ፣ አንዳንዴ ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ሳይመጣበት ይቀራል። ሁሉም «ያንተ ኔትወርክ ነው» አሉት። እሱም አመነ። ራውተር ለወጠ፣ በኬብል ሞከረ፣ በሞባይል ዳታ ሞከረ። ለውጥ የለም።

ኔትወርኩን ገና ከጅምሩ ነጻ የሚያወጣ አንድ ነገር ነበር። መስመር ሲደክም ፋክቶሪዮ ይንቀራፈፋል ወይም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ዲሲንክ ግን የተሰላ ውጤት ልዩነት ነው። መልእክት ስለዘገየ 5 ስቲል ፕሌት ከየትም አይመጣም። ይህን ስነግራቸው ሜሪላንድ ያለው ሰውዬ «እና ልጁን ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የወቀስነው?» አለ። አዎ፣ በከንቱ ነበር።

ምርመራው

ያደረግነው ነገር ቀላል ነበር። ሉአው ውስጥ «ሎግ» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ጽሑፉን እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ወዳለው የሎግ ፋይል ይጽፋል። በእያንዳንዱ ንግድ ላይ የቲኩን ቁጥር፣ የንግድ ቁጥሩንና የሳጥኑን ቦታ እንዲጽፍ አደረግን። ቀጣዩን ቅዳሜ ተጫወቱ። መብራት ሄደ፣ ልጁ ተመልሶ ገባ፣ ዲሲንክ መጣ። ሁለቱን ፋይሎች ላኩልኝ።

ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በአንድ ቲክ ላይ የሜሪላንዱ «ንግድ 38» ይላል፣ የአዲስ አበባው «ንግድ 1»። ቀጥሎ 39 እና 2። ቀጥሎ 40 እና 3። ፋይሎቹ እዚያ ያቆማሉ። 40ኛው ንግድ ላይ ሰርቨሩ ምራቂውን ሰጠ፤ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ገና 3ኛው ንግድ ስለሆነ ምራቂ የለም። አንዱ ዓለም ውስጥ 5 ስቲል ፕሌት አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም።

ልጁ ሲገባ ካርታው በሙሉ ወረደለት። ስቶሬጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ወረደለት። ሎካል ቫሪያብል ግን የሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ካርታው ውስጥ ስለሌለ አይወርድም። ፋይሉ ከላይ ተነበበለት፣ የንግድ ቁጥሩ 0 ሆነ። የዕቁብ ጸሐፊ ዕጣ የደረሳቸውን መዝገብ ላይ ሳያሰፍር በቃሉ ብቻ ይዞ፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢተካው እንደሚሆነው ነው፤ ተተኪው መዝገቡን ከፍቶ ከመጀመሪያው ስም ይጀምራል።

ሌሎቹ ለምን ዳኑ? ቅዳሜ ሲጀመር ሁሉም የሚገቡት አንድም ንግድ ከመካሄዱ በፊት ነው። የሰውዬውም ቁጥር 0፣ የእነሱም 0። አብረው ተነስተው አብረው ይቆጥራሉ። መሐል ላይ ወጥቶ የሚገባው መብራት የሚሄድበት ልጅ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ለምን ሳይመጣበት ይቀራል? ሰርቨሩ ላይ ቁጥሩ 20 ወይም 30 ላይ ሳለ ከገባ ከ0 ጋር እኩል ይራመዳል፤ ሁለቱም ምራቂ የሚሰጡት በአንድ ንግድ ላይ ነው። በዕድል የሚመጣ ይመስል የነበረው ነገር ሁሉ በ10 የማካፈል ሒሳብ ሆኖ ተገኘ።

ጥገናው፣ ግማሹና ሙሉው

ተማሪው ይህን ሲያይ የንግድ ቁጥሩን በዚያው ሌሊት ወደ ስቶሬጅ አዛወረው። ዲሲንኩ በጣም ቀነሰ። ግን አልጠፋም፤ ይሄ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ሊያመጣ ነበር። የቀረው የሳጥኖቹ ዝርዝር ነው። የሜሪላንዱ ኮምፒውተር ሴቩ ሲከፈት ካርታውን ፈልጎ ዝርዝሩን ሞላ፤ ከዚያ ማታውን የተተከሉትን ሳጥኖች በመጨረሻ ላይ እየጨመረ ሄደ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ግን አዲሶቹንም ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ፍለጋ ያገኛቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳጥኖች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሞሉ 10ኛው ንግድ አንዱ ጋ አንደኛው ሳጥን ላይ፣ ሌላው ጋ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ስቲሉ የተለያየ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እንደገና ዲሲንክ።

ሙሉው ጥገና እንዲህ ሆነ። አናት ላይ የነበሩት ሁለቱም ሎካሎች ጠፉ። «አዘጋጅ» የሚባል አንድ ፈንክሽን ተጻፈ፦

ስቶሬጅ.ሳጥኖች = ስቶሬጅ.ሳጥኖች ወይም {}
ስቶሬጅ.የንግድ_ቁጥር = ስቶሬጅ.የንግድ_ቁጥር ወይም 0

ይህ ፈንክሽን ከሁለት ቦታ ይጠራል፦ ከ«ኦን ኢኒት» እና ከ«ኦን ኮንፊገሬሽን ቼንጅድ»። «ወይም» የምትለዋ ነገር ወሳኝ ናት። ያለውን አትነካም፣ የሌለውን ትሞላለች፤ ስለዚህ ስንት ጊዜ ብትጠራም ችግር የለም። ሁለተኛው ቦታ ላይ ተጨማሪ ሥራ አለ። እያንዳንዱን ሰርፌስ (የጨዋታውን ካርታ) ፈልጎ ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን የድሮ ሳጥኖች ያስገባል። እዚህ «ጌም» ስላለ ይቻላል፤ የተሰበሰበው ደግሞ ስቶሬጅ ውስጥ ስለሚገባ ከቅደም ተከተሉ ጋር ለሚገባው ሰው ሁሉ ይወርዳል። «ኦን ሎድ» ባዶ ስለሆነ ጭራሽ ተሰረዘ።

ተማሪው አንድ ነገር አከራከረኝ። በየቦታው «ስቶሬጅ.ሳጥኖች» ብሎ መጻፍ ስለሰለቸው «ኦን ሎድ» ውስጥ አጭር የሎካል ስም ልስጠው አለ። ይፈቀዳል፤ «ኦን ሎድ» ከተሠራባቸው ዓላማዎች አንዱም ይሄ ነው። እኔ ግን አይሆንም አልኩት። አዲስ ጨዋታ ሲጀመር «ኦን ሎድ» አይጠራም፤ ስለዚህ ያው ስም «ኦን ኢኒት» ውስጥም መሰጠት አለበት። አንድ ቀን ቴብሉ በአዲስ ከተተካ ደግሞ አጭሩ ስም አሮጌውን ይዞ ይቀራል። 40 ሳጥን ለሚዞር ሞድ ረጅሙን ስም ደጋግሞ መጻፍ ፍጥነቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይታይም። ትላልቅ ሞዶች ላይ ሌላ መልስ ሊኖር ይችላል፤ እዚህ አልነበረም።

ያልሠሩና የዘገዩ ነገሮች

አዲሱን ኮድ የቅዳሜው ሴቭ ላይ ሲሞክረው መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ያው «ኒል ነው»። የሞዱ መረጃ ፋይል ላይ ያለውን የቨርዥን ቁጥር አልቀየረውም ነበር። ለጨዋታው የተለወጠ ነገር ስለሌለ «ኦን ኮንፊገሬሽን ቼንጅድ» አልተጠራም። ከ0.1.4 ወደ 0.2.0 ሲያደርገው ተጠራ፣ ሳጥኖቹ ተሰበሰቡ። በሙከራ ላይ ላለ ሰው ይህ በጣም ያደናግራል፤ ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚጠራው የለም።

ከመልቀቁ በፊት «ቶግል ሄቪ ሞድ» በሚባለው ትእዛዝ እንዲፈትነው ነገርኩት። ጨዋታው በየቲኩ ራሱን ሴቭ አድርጎ እየከፈተ ውጤቱን ያነጻጽራል። ሎካል ላይ የተደበቀ ነገር ካለ ሁለተኛ ሰው ሳያስፈልግ ይይዘዋል። በትልቁ ካርታ ላይ ግን አልሄደም፤ ጨዋታው በጣም ስለሚከብድ ምንም መሥራት አይቻልም። ባዶ ካርታ ላይ ሦስት ሳጥን ተክሎ ሲሞክረው አሮጌው ቨርዥን ወዲያው ተያዘ፣ አዲሱ አለፈ። ይህን ፈተና መጀመሪያ ላይ ቢያውቀው ኖሮ ራውተር ባልተለወጠ ነበር።

ከዚያም በኋላ አንድ ቅሬታ መጣ። ጀርመን ያለው ልጅ የተከላቸው አንዳንድ ሳጥኖች አይሠሩም። እሱ በእጁ አይተክልም፤ ንድፍ ያስቀምጥና ሮቦቶች ይሠሩለታል። ሮቦት ሲተክል የሚነሳው «ኦን ሮቦት ቢልት ኢንቲቲ» የሚባል ሌላ ኢቨንት ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ኢቨንት አስመዘገበና ተፈታ። ሲያስመዘግብ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቅኩት፦ አንድ ሞድ ውስጥ ለአንድ ኢቨንት ሁለቴ ፈንክሽን ከተመዘገበ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል፣ አይደመርም። ፋይሎች ሲበዙ ይህ በዝምታ ሥራ ያበላሻል።

ወደ ሌላ ጨዋታ ሲሻገሩ

የፋክቶሪዮ ሕግ የፋክቶሪዮ ብቻ ነው። እንዳለ ይዛችሁ ሌላ ጨዋታ ላይ ብትሄዱ ሌላ ቦታ ላይ ትወድቃላችሁ። ስካይሪምን ውሰዱ። የእሱ ስክሪፕት ፓፒረስ ይባላል፤ የስክሪፕቱ ቫሪያብሎች ሳይጠየቁ ሴቭ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ያለው ችግር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ ቨርዥን ላይ የቫሪያብሉን መነሻ ዋጋ ብትለውጡት የድሮ ሴቭ ያለው ሰው ጋ አይደርስም፤ ሴቩ ውስጥ አሮጌው ዋጋ ተቀምጧል፣ የፓፒረሱ «ኦን ኢኒት»ም ሴቭ ስለተከፈተ ብቻ ደግሞ አይጠራም። ሴቭ በተከፈተ ቁጥር የሚሠራ ነገር ከፈለጋችሁ «ኦን ፕሌየር ሎድ ጌም» የሚባለውን ኢቨንት ነው የምትይዙት።

የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የመልቲፕሌየር ሞድ በሆነው ሳምፕ ላይ በፓውን ቋንቋ የሚጻፍ ፊልተር ስክሪፕት ደግሞ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ መሐል ላይ ሊጫን ይችላል። ተጫዋች ሲገባ በሚነሳው ኢቨንት ላይ ብቻ መረጃውን የሚያዘጋጅ ስክሪፕት፣ ቀድሞ የገቡትን ሰዎች አያውቃቸውም፤ ለእነሱ ያ ኢቨንት አልፏል። መፍትሔው ስክሪፕቱ ሲነሳ ያሉትን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ዞሮ ማዘጋጀት ነው። ልብ ካላችሁ ተማሪው የድሮ ሳጥኖቹን ካርታው ላይ ፈልጎ ካስገባበት ሥራ ጋር አንድ ነው።

ለዚህ ነው አሁን ማንኛውንም የሞድ ኮድ ሳይ ከሎጂኩ በፊት ቫሪያብሎቹን የማየው። አናት ላይ ያለ ሎካል በሙሉ መጥፎ አይደለም። የማይለወጥ ቁጥር፣ የሳጥን ስም፣ ፈንክሽን፣ እነዚህ በእያንዳንዱ ንባብ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚነሱ ሎካል መሆናቸው ትክክል ነው። እኔ የምፈልገው ከመነሻ ዋጋው በኋላ የሚለወጥ ካለ ነው። ካለ አራት ሁኔታዎችን በተራ እይዛለሁ፦ አዲስ ጨዋታ፣ የተከፈተ ሴቭ፣ ሞዱ ከተሻሻለ በኋላ የተከፈተ የድሮ ሴቭ፣ መሐል ላይ የገባ ሰው። በአራቱም ላይ ዋጋው ከየት ነው የሚመጣው? ተማሪው ይህን ጥያቄ አሮጌው ኮዱ ላይ ሲሞክረው ከአራቱ በአንዱ ብቻ ነበር ሙሉ መልስ ያገኘው፣ አዲስ ጨዋታ ላይ። ሲፈትን የኖረውም እሱን ብቻ ነበር።

ሞዱ አሁን 0.2 ላይ ነው፤ መብራት የሚሄድበት ልጅ እየወጣ እየገባ ይጫወታል፣ ዲሲንክ አልመጣም። ተማሪው የድሮ ሳጥኖችን የሚፈልገውን ኮድ «ሥራውን ጨርሷል» ብሎ ሊሰርዘው ነበር። ተወው አልኩት። የ0.1 ሴቭ የሆነ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ከወራት በኋላ ይከፍተው ይሆናል፣ ያንን ኮድ የሚፈልገው ያኔ ነው።